«ዝቅ አድርግ!» – ምኑን?

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይላሉ አበው። ተረቱ የተነገረው ለሰው ስም ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ለዕቃ ስም ልዋሰው ነው። በወርክሾፓችን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው የሞዴል አውሮፕላን ሪሞት፣ በደንቡ ስሙ ትራንስሚተር የሚባለው፣ በላዩ ካሉት ስሞች አንዱም ከእኛ ቤት የወጣ አይደለም። ስሞቹ ከሌላ ቤት ወጡ፣ እኛ ጎረቤቶቹ ተከተልን። መከተሉስ ባልከፋ፤ ችግሩ እያንዳንዳችን በየፊናችን መከተላችን ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህች ጽሑፍ ለማለት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሪሞቱን ከመጨበጣችን በፊት በቃሉ እንስማማ። በቃል ሳይስማሙ ማብረር አውሮፕላን መስበር ብቻ ሳይሆን ሰውንም ለጉዳት መዳረግ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በራሴ የደረሰ ነገር ነው። ለመስቀል ቤተሰብ ጋር ሄደን ከተመለስን በኋላ፣ ጭቃው ደርቆ ሰማዩ ሲጠራ፣ እኛ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ከፎም የሠራናትን ሞዴል አውሮፕላን ይዘን ወጣን። ፈቃዱ በደብዳቤ ተጠይቆ አልቋል፣ ሜዳውም ተለይቶ ተሰጥቶናል። ሪሞቱን የያዘው የወልቂጤው ልጅ ጓደኛዬ ነው። እኔ የቡታጅራው ደግሞ ከጎኑ ቆሜ «አስተማሪ» ነኝ። አስተማሪ ያሰኘኝ ነገር ከእሱ በፊት ሦስት ጊዜ አብርሬ ሁለቴ መከስከሴ ብቻ ነው!

አውሮፕላኗ ከእጅ ተወርውራ ወጣች። ወጣች ብቻ ሳይሆን አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ሽቅብ ተያያዘችው። መቼም አውሮፕላንን አየር ላይ የሚያኖራት በክንፏ ላይ የሚያልፈው አየር ነው፤ አፍንጫዋ ከልክ በላይ ሲቀሰር ፍጥነቷ ይሞታል፣ አየሩም ክንፏን ይለቃል። ይህን ስለማውቅ ደንግጬ «ዝቅ! ዝቅ አድርግ!» ብዬ ጮህኩ። እኔ ማለቴ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ዝቅ አድርግ ነው። ጓደኛዬ ግን በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ሰማይ ላይ ቢሆንም አውራ ጣቶቹ ያሉት ሁለቱ ዘንጎች ላይ ነው። የሰማውን አደረገ። ሁለቱንም ዘንጎች ዝቅ አደረጋቸው።

ሪሞት ይዞ የማያውቅ አንባቢ «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ሊል ይችላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሪሞት ላይ የቀኙ ዘንግ ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ራስ ሲሳብ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ላይ ነው የሚነሳው። የግራው ዘንግ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል። እንግዲህ አፍንጫዋ የተቀሰረውን አውሮፕላን ይበልጥ ቀስሮ ሞተሯን አጠፋባት ማለት ነው። እሷም ለአፍታ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ከዚያ ግራ ክንፏን ጥላ እየተሽከረከረች ወረደች። የወደቀችው የእንሰት ቅጠል ተሸክመው በሜዳው ዳር ያልፉ ከነበሩ አንዲት እናት ጥቂት እርምጃ ርቃ ነው። ክብደቷ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎ ግን ከሰማይ ሲመጣ አንድ ኪሎ አይደለም።

እናታችን ሸክማቸውን አውርደው ስብርባሪውን አዩና «ልጆቼ፣ ይቺ ነገር ባለቤት የላትም እንዴ?» አሉን። ይቅርታ ጠይቀን ሸክሙን መልሰን አሸከምናቸው። ጥያቄያቸው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ባለቤትማ ነበራት። እንዲያውም ሁለት ነበራት፤ አንዱ ሪሞት የያዘ፣ ሌላው አፍ የያዘ። የሁለቱ ቃል አንድ አልነበረም እንጂ።

ማታ ዶርም ተሰብስበን ጥፋቱን ፈለግን። ባትሪውን ለካን፣ ደህና ነው። ሰርቮዎቹን ሞከርን፣ ይሠራሉ። ሪሲቨሩም ጤነኛ ነው። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው «ዝቅ» የምትለው ቃል ውስጥ ነው። ዝቅ፣ አፍንጫውን? ዝቅ፣ ዘንጉን? ወይስ ዝቅ፣ የሞተሩን ጉልበት? አንዲት ቃል ሦስት ትርጉም ነበራት፤ ከሦስቱ አንደኛው ያድናል፣ ሁለቱ ይጥላሉ። የሰዋስው መምህራኖቻችን ተሳቢው የቀረ ዓረፍተ ነገር የሚሉት ይህንኑ መሆኑ ነው። ክፍል ውስጥ ማርክ ያስቀንሳል፣ ሜዳ ላይ ግን ሰው ላይ ይወድቃል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም።

ነገሩን አጋነንከው የሚለኝ ካለ ትልቁን ዓለም ይመልከት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔኗ የቴኔሪፍ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች፣ አንዱ የኬ ኤል ኤም ሌላው የፓን አም፣ በጭጋግ ውስጥ መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ከበረራ ክፍሉ በሬዲዮ የተላለፈ አሻሚ አነጋገር ነው፤ ተናጋሪው መነሳት ጀምረናል ለማለት የተጠቀመበትን ቃል ማማው መነሻው ላይ ቆመናል ብሎ ተረዳው። ከዚያ ወዲህ በአቪዬሽን ሬዲዮ ንግግር «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ለመነሻ ፈቃድ መስጫና መሰረዣ ብቻ እንዲውል ተደረገ፤ በሌላው ጊዜ ሌላ ቃል ይተካዋል። እንግዲህ በስንት ሺህ ሰዓት በረራ የበሰሉ ካፒቴኖች በአንዲት ቃል ከተሳሳቱ፣ በሁለት ቅዳሜ ልምድ የወጣን እኛማ ምን ልንሆን ነው?

የምናውቃቸው የመሰሉን ቃላት

ከዚያ ቀን ወዲህ የሪሞቱን ቃላት አንድ በአንድ ለጓደኞቼ እየጠራሁ «ምን ማለት ነው?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ያገኘሁት መልስ ያስቃል፣ ያሳስባልም። የሚያሳስተን የማናውቀው ቃል ሳይሆን የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው።

«ቻናል» ስል አንዱ የቴሌቪዥን፣ ሌላው የቴሌግራም መሰለው። በሪሞት ቋንቋ ቻናል ማለት ለብቻው የሚታዘዝ አንድ ነገር ነው። ሞተሩ አንድ ቻናል ነው፤ በጭራው ላይ ተጋድሞ አፍንጫን የሚያነሳና የሚጥለው ኤለቬተር አንድ ነው፤ በቆመው ጭራ ላይ ያለው ራደር አንድ ነው፤ በክንፎቹ ዳርና ዳር ሆነው አንዱ ሲነሳ ሌላው የሚወርደው አይለሮኖችም አንድ ናቸው። ባለ 6 ቻናል ሪሞት ማለት እንግዲህ 6 ነገር ለየብቻ ማዘዝ የሚችል ነው። ድሮ ሪሞቶች በ27፣ በ35 ወይም በ72 ሜጋኸርዝ በሚሠሩበት ዘመን ደግሞ ይኸው «ቻናል» የሚለው ቃል የድግግሞሽ ቁጥርንም ይጠራበት ነበር። ሁለት ሰው በአንድ ቁጥር ካበራ አንዱ የሌላውን አውሮፕላን ይጥል ነበርና ሜዳ ላይ ቁጥር በተራ ይያዝ ነበር። አሁን በምንጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞትና ሪሲቨር እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ያ ሥጋት በአመዛኙ ቀርቷል። ይህ ማስተዋወቅ ነው «ባይንድ» የሚባለው። በእኛ አማርኛ ማጋባት ብንለው አይከፋም፤ ሪሲቨሩ ከተጋባው ሪሞት በስተቀር የሌላ ቃል አይሰማም።

«ሪቨርስ» ስል አንዱ ጓደኛችን «አውሮፕላን ወደ ኋላም ይሄዳል?» አለ። ከመኪና ያመጣው ትርጉም ነው። በሪሞት ግን ሪቨርስ የሰርቮውን አዟዟር መገልበጥ ነው። ዘንጉን ወደ ቀኝ ስትገፋ አይለሮኑ በግራ መታጠፊያ በኩል ከሄደ ሪቨርስ ታደርገዋለህ፣ ይስተካከላል። ይህን ሳያረጋግጥ የወረወረ ሰው ለማዳን በሞከረ ቁጥር ነው የሚያጠፋው።

«ሬንጅ ቼክ» ስል የመንገድ ሥራ የመሰለው አልጠፋም፤ ሬንጅ በእኛ አገር አስፋልት ላይ የሚፈሰው ጥቁሩ ነገር ነውና። እዚህ ግን ሬንጅ የሬዲዮው መድረሻ ርቀት ነው። ሪሞቱ ጉልበቱን እንዲቀንስ ተደርጎ 30 እርምጃ ያህል ርቆ ሁሉም ነገር መታዘዙ ይታያል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ የአንቴናው ጫፍ በቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ መቀሰር የለበትም። ሞገዱ የሚበረታው ከአንቴናው ጎን እንጂ ከጫፉ አይደለም።

«ኤክስፖ» ስል የኤግዚቢሽን ማዕከል ባዛር ትዝ ያላቸው በረከቱ። ኤክስፖ ማለት ዘንጉ መሃል አካባቢ ሲነካ አውሮፕላኑ ለስለስ ብሎ እንዲታዘዝ፣ ወደ ዳር ሲገፋ ግን ሙሉ ጉልበቱን እንዲያገኝ ማድረጊያ ነው። እንደኛ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ጀማሪ መድኃኒት ነው። «ዱዋል ሬት» ደግሞ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሙሉውን እንቅስቃሴ ማሳነሻ ነው። «ትሪም» ስል የጸጉር ቤት ነገር የመሰለው ነበር፤ ትሪም ግን ዘንጉን ለቀኸው አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ማቅኛዋ ትንሿ ቁልፍ ናት። «ፌል ሴፍ» ሲባል ፈተና የወደቀ ተማሪ የታሰበውም አለ። እሱ ግን የሬዲዮው ግንኙነት ቢቋረጥ ሪሲቨሩ በራሱ የሚወስደው እርምጃ ነው፤ ቢያንስ ሞተሩን እንዲያጠፋ አስቀድሞ ተነግሮት መቀመጥ አለበት። ብዙ ሪሞት ላይ ይህን ሰው ራሱ ካላስተካከለው በራሱ አይስተካከልም።

የፋብሪካዎቹስ ቃል አንድ ነው?

«እንዲህ ከሆነ ለምን እንደ መመሪያው እንግሊዝኛውን በቃሉ አንይዝም? አለቀ፣ ደቀቀ» የሚል ወገን አለ። በመምህራኖቻችንም በተማሪውም ዘንድ ይህ ሐሳብ ብርቱ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፣ ሥራም ሲገኝ እንዲሁ። ሐቅ አለው። ይሁንና እንግሊዝኛውም ራሱ አንድ አይደለም።

ምሳሌ ልስጥ። ሰርቮው እስከ የት ድረስ እንዲሄድ የሚወሰንበትን ቦታ አንዱ ፋብሪካ «ኤንድ ፖይንት»፣ ሌላው «ትራቭል አድጀስት»፣ ሌላው ደግሞ «ኤ ቲ ቪ» ይለዋል። ሦስቱም አንድ ናቸው። ኤክስፖን ለማለስለስ በፉታባ ሪሞት የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁጥር ይገባል፤ በስፔክትረም ደግሞ የመደመር። ከአንዱ ወደ ሌላው ዞሮ ቁጥሩን ብቻ የገለበጠ ሰው አውሮፕላኑን ያለሰልስ መስሎት ያሳብደዋል። የሪሲቨር ሶኬቶች ቅደም ተከተልም እንደዚሁ ነው፤ በአንዱ ወገን 1ኛው አይለሮን ሲሆን በሌላው 1ኛው ሞተሩ ነው።

ከሁሉም በላይ «ሞድ» የሚባለው አለ። ሞድ 2 በሆነ ሪሞት ሞተሩና ራደሩ በግራ ዘንግ፣ ኤለቬተርና አይለሮን በቀኝ ዘንግ ናቸው። በሞድ 1 ሞተሩ ወደ ቀኝ፣ ኤለቬተሩ ወደ ግራ ይዞራሉ። ሁለቱም በዓለም ላይ የሚሠራባቸው ናቸው፤ አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት አይደለም። ግን በሞድ 1 ጣቱን ያለማመደ ሰው የሞድ 2 ሪሞት ተቀብሎ «ግራውን ስጠው» ቢባል ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሪሞት ስንቀባበል የመጀመሪያው ጥያቄ «ሞዱ ስንት ነው?» መሆን አለበት፤ «ስንት ብር ተገዛ?» አይደለም።

እንግዲህ እንግሊዝኛውን ብቻ መሸምደድ አያድንም። የሚያድነው ቃሉ ሲጠራ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሥዕል በአእምሯችን ማየታችን ነው።

ሁሉንም አማርኛ እናድርገው?

በሌላ በኩል «ሁሉም በአማርኛ ይተርጎም» የሚሉ አሉ። ፍላጎታቸውን አከብራለሁ። ግን ለእያንዳንዱ ቁልፍ ከግዕዝ እየቆፈርን ስም ብንሰጥ፣ ያ ስም የሪሞቱ ስክሪን ላይ የለም። ተማሪው ሁለት የማያውቃቸውን ቃላት ማጥናት ይገባዋል ማለት ነው፤ አንድ የፈረንጅ፣ አንድ የጥንት።

እኔ መልሱን ያገኘሁት መናኸሪያ ነው። የመኪና ሰዎቻችን ቋንቋ እንዴት እንደተሠራ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ጎማ የሚሉት ከጣሊያን የመጡ ናቸው። መሪ፣ ነዳጅ፣ ዘይት ደግሞ የራሳችን ናቸው። ማንም ኮሚቴ አልሰበሰበም። ግን ከወልቂጤ ጅማ፣ ከቡታጅራ ሆሳዕና የሚነዳ ሹፌር ሁሉ «ፍሬን» ሲባል አንድ ነገር ነው የሚገባው። ጋራዥ የዋለ ልጅ ፊደል ባይቆጥር እንኳ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ሲባል የትኛውን ዕቃ እንደሚያመጣ ያውቃል። ቃል ከየትም ይምጣ፤ ዋናው በእጅ ከሚነካው ነገር ጋር መጋባቱና ሁሉም ሰው ያንኑ ማለቱ ነው። ደግሞም ሹፌሩን ሲያዙት «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «ቀኝህን» የሚሉት በአማርኛ ነው። የዕቃው ስም የውጭ፣ ትዕዛዙ የቤት። እኛስ ለምን እንዲህ አናደርግም?

የእኔ ሐሳብ

አንደኛ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የዕቃና የማስተካከያ ስም እንዳለ ይቆይ፤ ትሪም ትሪም፣ ሪቨርስም ሪቨርስ ይባል። ነገር ግን እያንዳንዱ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ባልበለጠ አማርኛ ተብራርቶ በአንድ ትልቅ ወረቀት ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በእያንዳንዱ ቃል አንጻር ሰርቮው ምን እንደሚያደርግ ይጻፍ። ለምሳሌ ሰርቮ የሚታዘዘው በምት ርዝመት ነው፤ 1.5 ሚሊሰከንድ ሲሆን መሃል፣ ወደ 1 ሲጠጋ ወደ አንዱ ዳር፣ ወደ 2 ሲጠጋ ወደ ሌላው ዳር ይሄዳል። ይህን በኦሲሎስኮፕ ያየ ተማሪ «ኤንድ ፖይንት» ምን እንደሆነ ዳግመኛ አይጠይቅም፤ የምቱን ዳርቻ መወሰን መሆኑን በዓይኑ አይቷልና።

ሁለተኛ፣ አውሮፕላን አየር ላይ ሳለ የሚነገሩ ትዕዛዞች አጭር የአማርኛ ቃላት ይሁኑ፣ ቁጥራቸውም በጣት የሚቆጠር ይሁን። እኔና ጓደኛዬ ካደጋው በኋላ የተስማማንባቸው እነዚህ ናቸው። «ሳብ» ሲባል ኤለቬተሩን ወደ ራስህ ሳበው፣ አፍንጫ ይነሳል። «ግፋ» ሲባል ወደ ፊት ግፋው፣ አፍንጫ ይወርዳል። ለማስታወስ የጋሪ ፈረስ አስቡ፤ ልጓም ሲሳብ ፈረሱ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ሞተርን በተመለከተ «ስጥ» እና «ዝጋ» ብቻ። «መሃል» ሲባል ከሞተሩ በቀር ሁሉንም ወደ መሃሉ መልስ። «ዝቅ»፣ «ከፍ»፣ «ወደ ላይ»፣ «ወደ ታች» የሚሉት አራቱ ቃላት በሜዳው ላይ ከዛሬ ጀምሮ የተከለከሉ ናቸው! ግራና ቀኝ ሲባል ደግሞ የአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ ነው፤ ውስጡ የተቀመጥክ ያህል። አውሮፕላኑ ወደ አንተ ሲመጣ ግራው በአንተ በቀኝ በኩል ስለሚሆን ብዙዎቻችን የምንከሰክሰው እዚያ ላይ ነው። ያኔ መላው ቀላል ነው፤ የትኛው ክንፍ እንደወረደ እይና የአይለሮን ዘንጉን ወደዚያው ወደ ወረደው ክንፍ ግፋ፣ እንደምትደግፈው ሆነህ።

ሦስተኛ፣ ሪሞት ሲቀባበሉ ሁለቱም ይናገሩ። ሰጪው «ያንተ ነው» ይበል፣ ተቀባዩ «ያዝኩ» ይበል። «ያዝኩ» ሳይባል እጅ አይለቀቅ። አቅም ሲፈቅድ ደግሞ ሁለት ሪሞት በገመድ አገናኝቶ፣ አስተማሪው በአንድ ማብሪያ ሥልጣኑን የሚሰጥበትና የሚነጥቅበት አሠራር አለና እሱን ብንጠቀም ይመረጣል።

አራተኛ፣ ቅደም ተከተሉ እንደ ጸሎት ይደገም። ስንጀምር ሪሞቱ ይቀድማል፣ አውሮፕላኑ ይከተላል። ስንጨርስ አውሮፕላኑ ይቀድማል፣ ሪሞቱ ይከተላል። ሪሞት ሳይበራ ባትሪ የገባለት አውሮፕላን ጌታ የሌለው ነው። የሪሞቱ የባትሪ ድንጋይ አዲስ መሆኑም ይታይ፤ ለግድግዳ ሰዓት ሲሠራ የከረመ ድንጋይ አምጥቶ ለበረራ የሚያስገባ አለና! ከዚያ እያንዳንዱ ቻናል በስሙ እየተጠራ ይፈተሽ። አንዱ ይጥራ፣ ሌላው ያንቀሳቅስ፣ ሦስተኛው አይቶ «ትክክል» ይበል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ቃላችን ሁሉ ቢስተካከል ፈቃድ የሌለው በረራ አይስተካከልም። በአገራችን ሰው አልባ በራሪ ዕቃ ማስገባትም ሆነ ማብረር ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ በዚህ በኩል የሚመለከተው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። ለተማሪም ቢሆን መንገዱ በኮሌጅ ደብዳቤ በኩል ነው እንጂ በአጥር ዘሎ አይደለም። ቦታውም እንደዚያው። በገጠሩ ጀፎረ ያየ ሰው፣ ያን ሰፊ ሣር ለበስ ጎዳና፣ «ይህ ለማብረር የተሠራ ነው!» ሊል ይችላል። እኔም ብዬ ነበር። ጀፎረ ግን የልጆች መጫወቻ፣ የከብት መሄጃ፣ የለቅሶና የሰርግ መሰብሰቢያ ነው። ለሰው የተተወ ሜዳ ነውና ለሰው ይተው።

ሌላው የአካባቢያችን ጉዳይ ከፍታው ነው። ሁለቱም ከተሞቻችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ የተነሳ ያው አውሮፕላን እንዳይወድቅ እዚህ 10 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ያንሰዋል። የውጭ መመሪያ «በዚህ ፍጥነት ትነሳለች» ሲል የእኛን ደጋ አያውቅም። ያቺ አውሮፕላናችንም ባሕር ዳርቻ ብትሆን ምናልባት ጥቂት በታገሰችን ነበር። እኛ ዘንድ የስህተት ጊዜው አጭር ነው፤ አጭር ጊዜ ደግሞ አሻሚ ቃል አይወድም።

ማጠቃለያ

በክፍላችን ቸሃ የሚናገር፣ መስቃን የሚናገር፣ ክስታኔ የሚናገር፣ ቀቤንኛ የሚናገር አለ። ቡታጅራም በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ከሆነች ወዲህ እኔና ጓደኛዬ የምንጽፈው አድራሻ እንኳ ለየቅል ነው። ግን አንድ ሪሞት ፊት ስንቆም የሚያገናኘን የተስማማንበት ቃል ነው። ደግሞም ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ ከጀርመናዊው መሐንዲስ ከሉድዊግ ቬበር ጋር «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን የሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ነበሩ። አውሮፕላኗ ወደ ጣሊያን ተወስዳ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ነው የተመለሰችው። እነዚያ ሰዎች ለክንፉና ለጭራው፣ ለሽቦውና ለመሪው የሚግባቡበት ቃል ባይኖራቸው ኖሮ ፀሐይ መብረር ይቅርና መቆምም ባልቻለች ነበር።

እኔና ጓደኛዬ አውሮፕላኗን በሙጫና በፕላስተር ጠግነን መልሰን አብርረናታል። ሪሞቱን የያዘው እሱ ነው፣ ከጎን የቆምኩት እኔ። አፍንጫዋ እንደ ልማዷ ሲቀሰር «ግፋ!» አልኩት፣ ገፋ። «ስጥ!» አልኩት፣ ሰጠ። ቀና ብላ ሄደች። ሁለት ቃል ብቻ ነው የተናገርኩት። ከመነሳታችን በፊት ግን ሜዳው ዳር ሰው የሚመልስ አንድ ልጅ አቁመናል፤ ያቺን የእናታችንን ጥያቄ ስለማንረሳ።

እንግዲህ ጎበዝ፣ የግድግዳው ወረቀት ገና ባዶ ነው። እኔ የጻፍኩት ሐሳብ እንጂ ሕግ አይደለም። «ሳብ» አይመቸኝም፣ ወያላ ሲል የለመድኩት ለሌላ ነው የሚል ካለ የተሻለ ቃል ያምጣ። ተከራክረን አንዱን እንምረጥ፣ ከመረጥን በኋላ ግን ሁላችንም ያንኑ እንበል። ክርክሩ እዚህ መሬት ላይ ይለቅ፤ አየር ላይ ጊዜ የለም።

ቸር እንሰንብት።